የሐኪም ፈቃድና የሐኪም ቃል፦ ከክልል ውጪ የተጠራ የሕክምና ባለሙያ በፍርድ ቤት ሲመሰክር

(በፋኩልቲያችን ለሕዝብ ክፍት በሆነው መድረክ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ሙሉ ቃል። ለንባብ እንዲመች ጥቂት የአነጋገር ማስተካከያ ተደርጎበታል።)



ዛሬ የማቀርብላችሁ ጥያቄ ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። አንድ ሐኪም የሙያ ሥራ ፈቃዱን ባላገኘበት ክልል ባለ ፍርድ ቤት ቀርቦ ስለ ሕክምና ጉዳይ ሊመሰክር ይችላልን? የሚያስፈልገውስ ፈቃድ ምን ዓይነት ነው? ጥያቄው ለሕግ ፈላስፎች የተተወ የአእምሮ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን አልወስድም ነበር። ነገር ግን በእኔ ዕድሜ ውስጥ ይህ ጥያቄ ሰው ሲያስርና ሲያስፈታ አይቻለሁ። ስለዚህ ከመጻሕፍቱ በፊት ከመሬቱ እጀምራለሁ።

ከጀማ ወዲያ

የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ። ዓለም ከተማን የማታውቁ ብትኖሩ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን ያለች የወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ በሙከጡሪ በኩል ታጥፎ ለሚን ያልፍና ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ዳግመኛ ሽቅብ ይወጣል። ሙከጡሪም ለሚም በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ናቸው። ይህን የምነግራችሁ ለጂኦግራፊ ትምህርት አይደለም። ዓለም ከተማ ሆነው ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ወይም ወደ ስፔሻሊስት ሐኪም የሚሄዱ ሕሙማን አንዱ መንገዳቸው የክልል ወሰን የሚያቋርጥ መሆኑን ልብ እንድትሉልኝ ነው። በሽተኛው አዲስ አበባ ከደረሰ ደግሞ በሌላ የአስተዳደር ክልል ውስጥ ነው።

በከተማዋ ሆስፒታል አለ። ካርልሃይንዝ ቦኸም የመሠረተው «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት በመርሐቤቴ ካከናወናቸው ሥራዎች አንዱ ነው፤ ሕዝቡም እናት ሆስፒታል ይለዋል። ይሁን እንጂ በአገራችን በወረዳ ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ሁሉ የታወቀ አንድ እውነት አለ። ወጣቱ ሐኪም ተመርቆ ይመጣል፣ ጥቂት ዓመታት ያገለግላል፣ ከዚያም ለስፔሻሊቲ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። ይህ የሐኪሙ ጥፋት አይደለም፤ አገሪቱ ስፔሻሊስት የምታገኘው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ሐኪሙ ሲሄድ የጻፋቸው የሕክምና ማስረጃዎች በፖሊስ መዝገብና በፍርድ ቤት ፋይል ውስጥ ይቀራሉ። የወንጀል ክስ ደግሞ ከሐኪም ዝውውር ይልቅ ቀስ ብሎ ይጓዛል።

በወጣትነቴ ዐቃቤ ሕግ ነበርሁ። ቦታውንም ፍርድ ቤቱንም አልጠራም፤ የምናገረው በዋናነት ስለ ራሴ ስሕተት ነውና። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተጣልተው አንዱ ሌላውን በዱላ ራሱን መታው። ተጎጂው ሆስፒታል ገባ፤ አንድ ወጣት ሐኪም መረመረውና በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ የማይሞላ ማስረጃ ጻፈ። እኔ ያንን ወረቀት አንብቤ የራስ ቅል ስብራት አለ ብዬ በከባድ የአካል ጉዳት ከሰስሁ። ክርክሩ ሲደርስ ሐኪሙ ወደ ሌላ ክልል ሄዷል። ይምጣልኝ ብዬ ሳመለክት የተከሳሹ ጠበቃ ተነሥቶ «ይህ ሐኪም ዛሬ በዚህ ክልል የሥራ ፈቃድ የለውም፤ ስለዚህ በባለሙያነት ሊመሰክር አይችልም» ሲል ተቃወመ። ዳኛው ነጥቡን ለመመርመር ቀጠሮ ሰጡ። ከዚያም ሌላ ቀጠሮ፣ ከዚያም ሌላ።

ተጎጂው በየቀጠሮው የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሩ ይመጣ ነበር። ተከሳሹም እስር ላይ ነበር። ከቀጠሮዎቹ በአንዱ ተጎጂው በችሎቱ ደጃፍ ላይ «እኔ የተመታሁት እዚህ፤ ሐኪሙ የት እንዳለ ምን አገባኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ የሐኪሙን ቃል ሳይሰማ በጽሑፍ ማስረጃው ብቻ ተከሳሹን በከባዱ አንቀጽ ጥፋተኛ አለው። እኔም ተደሰትሁ። የዚህን ታሪክ ፍጻሜ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የሐኪሙ ቃል የሚወስነው

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳትን፣ በአንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳትን ይደነግጋል። በመጀመሪያው ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል፤ በሁለተኛው መነሻ ድንጋጌ ግን ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ሁለቱን የሚለየው ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል፣ ዘላቂ የጤና ጉዳት ማድረስ፣ አካልን ማጉደል ወይም ከጥቅም ውጪ ማድረግና እነዚህን የመሰለው ነገር ነው። ይህን የሚያውቀው ማን ነው? ዳኛው አይደለም፤ ዐቃቤ ሕጉም አይደለም። በአንድ ዓመትና በ15 ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ በአንድ ሐኪም አንድ አረፍተ ነገር ላይ ይንጠለጠላል።

የዕድሜም ነገር እንዲሁ ነው። ሕጋችን ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል ተጠያቂ አያደርግም፤ ከ9 እስከ 15 ያለውን ለብቻው በተደነገገ ሥርዓት ያያል፤ ከ15 በላይ ሆኖ 18 ላልሞላው ደግሞ ልዩ ድንጋጌ አለው። የልደት ምዝገባ ባልተስፋፋበት ገጠር ፍርድ ቤቱ ልጁን ዕድሜው እንዲገመት ወደ ሆስፒታል ይልከዋል። የአእምሮ ሁኔታ ሲያጠራጥር ተከሳሹ ለምርመራ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይላካል። ሰው ሲሞት ደግሞ የሞቱ ምክንያት መታወቅ አለበት።

በዚህ በመጨረሻው ላይ ትንሽ ልቆይ። ለረጅም ዓመታት የፎረንሲክ አስከሬን ምርመራ በአገራችን የሚታወቀው በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር፤ በዚያም ከሠሩት ሐኪሞች መካከል ከኩባ የመጡ ይገኙበት ነበር። ሟች በገጠር ሲገደል አስከሬኑ በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል፤ ቤተ ሰብ ድንኳን ተክሎ፣ መቃብር አስቆፍሮ ይጠብቃል። በባህላችን ሟችን በዕለቱ መቅበር የተለመደ በመሆኑ ይህ ጥበቃ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያ ሁሉ የሚደረገው ለአንዲት ማስረጃ ሲባል ነው። እንግዲህ እናስተውል፦ ምርመራውን ያደረገው ሐኪም በአዲስ አበባ ያለ እንጂ በአማራ ክልል ፈቃድ ያለው አይደለም። ከክልል ውጪ ያለ ሐኪም መመስከር አይችልም የሚለውን መከራከሪያ ብንቀበል ኖሮ፣ በእነዚያ ዓመታት በክልሎች በተፈጸሙ ግድያዎች የሞት ምክንያትን በባለሙያ ቃል ማስረዳት በአብዛኛው ባልተቻለ ነበር።

ሁለት ዓይነት ምስክር

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ሁለት የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ስም ስለምንጠራ ይመስለኛል። አንደኛው ያከመ ሐኪም ነው። ቁስሉን አይቷል፣ ሰፍቷል፣ ጽፏል። እርሱ በከፊል እንደ ማንኛውም የዓይን ምስክር ነው። ሁለተኛው በሽተኛውን ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ፣ መዝገቡን አንብቦ «ይህ ጉዳት በዚህ ዓይነት ምት ሊደርስ ይችላል» ወይም «ይህ ሕክምና ከሙያው ደረጃ በታች ነው» የሚል አስተያየት የሚሰጥ ልዩ አዋቂ ነው።

የመጀመሪያው ሐኪም ፈቃድ ጥያቄ የሚነሣው በመረመረበት ቀን ላይ ነው። በዚያን ቀን የተመዘገበ ሐኪም ከነበረ፣ ዛሬ ሌላ ክልል መሥራቱ ያየውን እንዳላየ አያደርገውም። ዓይን በዝውውር ደብዳቤ አይሻርም። የሁለተኛው ግን የበለጠ ያከራክራል፤ የሚያቀርበው ሙያውን ነውና።

ሕጋችን ምን ይላል?

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 34 መርማሪ ፖሊስ የአካል ምርመራ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የተመዘገበ ሐኪም እንዲመረምርና ውጤቱን በጽሑፍ እንዲያሰፍር እንደሚያደርግ ይደነግጋል። «የተመዘገበ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ሕጉ ሲወጣ አገሪቱ እንደ ዛሬው በክልሎች የተከፋፈለች አልነበረችም፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴሩም አንድ ነበር። ስለዚህ «የት የተመዘገበ?» የሚል ጥያቄ ለሕግ አውጪው ሊታየው አይችልም ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ፌዴራላዊ ሥርዓት ካቆመ በኋላ ግን ይኸው ቃል ሳይለወጥ በአዲስ ቤት ውስጥ መኖር ጀመረ። ዛሬ 12 ክልሎችና ሁለት የከተማ አስተዳደሮች አሉን።

የጤና ባለሙያ ፈቃድ አሰጣጥን በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 የጤና አገር አቀፍ ደረጃዎችንና መሠረታዊ የፖሊሲ መመዘኛዎችን ማውጣትን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 661/2002 እና በደንብ ቁጥር 299/2006 የፌዴራሉና የክልሎቹ አካላት የባለሙያ ቁጥጥርን ተከፋፍለው እንዲሠሩ ተደረገ፤ ኋላም የምግብና የመድኃኒት ዘርፍ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተለይቶ ሲወጣ የባለሙያዎች ቁጥጥር ወደ ጤና ሚኒስቴር ዞረ። የብቃት ምዘና ፈተናውም አገር አቀፍ ነው። በአጭሩ ደረጃው አንድ ነው፤ ፈቃድ የሚሰጡት እጆች ግን ብዙ ናቸው።

ታዲያ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል የሚሆነው መቼ ነው? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 535 የሚቀጣው ተገቢው ማስረጃና ፈቃድ ሳይኖረው ሕሙማንን ማከምን ሙያው ያደረገ ሰውን ነው። ድንጋጌው የቆመው በሽተኛውን ለመጠበቅ ነው። በምስክር ሳጥን ውስጥ የቆመ ሐኪም መድኃኒት አያዝዝም፣ ቢላ አያነሣም። የሚያነጋግረው ዳኛ ነው፤ ዳኛውም በሽተኛው አይደለም።

በዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ አንድ ተቃውሞ ያነሣሉ፦ «ጠበቃስ? በክልል ሕግ ለሚዳኝ ጉዳይ በክልል ፍርድ ቤት ለመቆም የክልሉን የጥብቅና ፈቃድ ይጠየቅ የለምን?» ጥሩ ተቃውሞ ነው። መልሱ ግን ጠበቃው በዚያ ችሎት ሙያውን በደንበኛው ላይ የሚሠራ መሆኑ ነው። ሕዝቡ ገንዘቡንና መብቱን ለእርሱ አደራ ይሰጣል። ምስክሩ ደንበኛ የለውም፤ አለኝ ካለም ያን ጊዜ ምስክርነቱ አጠራጣሪ ይሆናል።

ሌላው መሠረት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ለተከሳሽ የሰጠው መብት ነው። ተከሳሽ የሚመሰክሩበትን ምስክሮች የመጠየቅ፣ የመከላከያ ማስረጃ የማቅረብና የማሰማት መብት አለው። በክልሉ ውስጥ አንድም የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ባይኖር ተከሳሹ ከሌላ ክልል እንዳያመጣ ልንከለክለው ነውን? የሥነ ሥርዓት ሕጉም በአንቀጽ 143 ፍርድ ቤቱ ለፍትሕ አስፈላጊ መስሎ የታየውን ምስክር ከፍርድ በፊት እንዲጠራ ሲፈቅድ የክልል ወሰን አላበጀም። እኔ በመረመርኋቸው ሕጎች ውስጥ፣ ለመመስከር ብቻ የክልል የሕክምና ፈቃድ የሚጠይቅ ድንጋጌ አላገኘሁም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ልጨምር። ልዩ አዋቂው መዝገብ አንብቦ ከመናገር አልፎ በሽተኛውን ወይም ተከሳሹን በአካል የሚመረምር ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ደም መቅዳት፣ አካል መንካት፣ ራጅ ማዘዝ የሕክምና ሥራ ነው። በዚህ ጊዜ የፈቃድ ጥያቄ በእውነት ይነሣል። ፍርድ ቤቶቻችን ተከሳሹን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሲልኩ ይህን ችግር ሳያውቁትም ቢሆን ያልፉታል፤ ሰውየው ሐኪሙ ፈቃድ ወዳለው ስፍራ ይሄዳልና።

ሌሎች አገሮች የሞከሩት

በአሜሪካ ሐኪም ፈቃድ የሚያገኘው ከየግዛቱ ነው። ስለዚህ ይህ ጥያቄ በዚያ ብዙ ቀለም አስፈስሷል። የቴነሲ ግዛት ሕግ በሕክምና ስሕተት ክስ ላይ የሚመሰክር ሐኪም በቴነሲ ወይም ከእርሷ ጋር በሚዋሰኑት ስምንት ግዛቶች በአንዱ ፈቃድ ያለው፣ ድርጊቱ ከመፈጸሙ በፊት ባለው ዓመትም በዚያ የሠራ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ተስማሚ ምስክር ካልተገኘ ዳኛው ሊያልፈው ይችላል። ፍሎሪዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ሕግ ከሌላ ግዛት የሚመጣው ሐኪም ሁለት ዓመት የሚያገለግል የልዩ አዋቂ ምስክርነት የምስክር ወረቀት እንዲያወጣ አደረገች፤ ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም። ዓላማው ሐኪሙ ሐሰት ቢናገር የፍሎሪዳ የሕክምና ቦርድ የሚይዘው ነገር እንዲኖረው ነው። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1998 በልዩ አዋቂነት መመስከር እንደ ሕክምና ሥራ ተቆጥሮ በባልደረቦች ሊገመገም ይገባል የሚል አቋም ወስዷል።

የቴነሲን ደንብ በእኛ ካርታ ላይ እናስቀምጠው። አማራ ክልልን የሚያዋስኑት ትግራይ፣ አፋር፣ ኦሮሚያና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ናቸው። አዲስ አበባ ግን በኦሮሚያ የተከበበች ስለሆነች አታዋስነውም። እንግዲህ በዚህ ደንብ የዓለም ከተማ ሰው ከጀማ ማዶ ያለውን የኦሮሚያ ሐኪም ሊያስመሰክር ይችላል፤ ብዙ ስፔሻሊስቶች ከሚገኙባት ከአዲስ አበባ ግን ዳኛው ካልፈቀደለት በቀር አይችልም። ለአንድ አገር የሚስማማ ሕግ ለሌላው እንዴት እንደሚጠብብ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። የፍሎሪዳው መንገድ የተሻለ ነው፤ የሚጠይቀው «ከየት መጣህ?» ሳይሆን «ለማን ትጠየቃለህ?» ነውና።

ፈቃድ ብቻውን እንደማይበቃ ግን እንግሊዝ አስተምራናለች። እ.ኤ.አ. በ1999 ሳሊ ክላርክ የምትባል እናት ሁለት ሕፃናት ልጆችዋን ገድላለች ተብላ ተፈረደባት። ስመ ጥሩ የሕፃናት ሐኪም ሰር ሮይ ሜዶው በእንዲህ ያለ ቤተ ሰብ ሁለት ድንገተኛ የሕፃናት ሞት የሚደርሰው ከ73 ሚሊዮን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሲሉ መሰከሩ። ቁጥሩ የተገኘው ከ8,543 አንድ የሚለውን ዕድል በራሱ በማባዛት ነው፤ ይህም ሁለቱ ሞቶች አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም ብሎ እንደ መገመት ነው። የንጉሣዊው የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 ስሕተቱን በይፋ ገለጠ። ፍርዱ እ.ኤ.አ. በ2003 ተሻረ፤ ለመሻሩ ዋናው ምክንያት ለመከላከያው ያልተገለጠ የላቦራቶሪ ውጤት ነበር። ሜዶው እ.ኤ.አ. በ2005 ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዙ፤ በይግባኝ መሰረዙ ቢነሣላቸውም፣ የይግባኙ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 በፍርድ ቤት የሰጠው ቃል ሐኪሙን ከሙያ ተቆጣጣሪው ጥያቄ እንደማያድነው ወስኗል።

እኚህ ሰው ፈቃድ ነበራቸው፤ የመጡትም ከዚያው አገር ነበር። የጠፋው ነገር የሙያ ወሰን ነው። የሕፃናት ሐኪም ሆነው ስለ ስታቲስቲክስ ተናገሩ፤ በችሎቱም ያስቆማቸው አልነበረም።

በር መክፈትና ዘብ ማቆም

ስለዚህ አቋሜ እንዲህ ነው። በሩ ከየትኛውም ክልል ለሚመጣ ሐኪም ክፍት ይሁን፤ ነገር ግን በበሩ ላይ አራት ጥያቄዎች ይቁሙ።

አንደኛ፣ ሐኪሙ በመረመረበት ወይም አስተያየቱን በሰጠበት ቀን በአገሪቱ ከሚገኙ ፈቃድ ሰጪ አካላት በአንዱ የተመዘገበ ነበርን? ሁለተኛ፣ የተጠየቀው ነገር በሠለጠነበት ዘርፍ ውስጥ ነውን? ጠቅላላ ሐኪም ስለ ቁስሉ ርዝመትና ጥልቀት ሊናገር ይችላል፤ ስለ አንጎል ዘላቂ ጉዳት ግን ወሰኑን ማወቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ያየውንና የገመተውን ለይቶ ተናግሯልን? አራተኛ፣ ሐሰት ወይም ግዴለሽነት ቢገኝበት ፈቃድ የሰጠው አካልና የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ቃሉን አግኝተው ሊመረምሩት ይችላሉን? አራተኛው ዛሬ በጣም የላላው ነው። በአንድ ክልል የተሰጠ የምስክርነት ቃል በሌላ ክልል ላለው ፈቃድ ሰጪ የሚደርስበት የተደራጀ መንገድ ያስፈልገናል።

ለሦስተኛው ጥያቄ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 51 ጥሩ መሪ ነው። ስለ ተከሳሽ የአእምሮ ኃላፊነት ሲናገር ፍርድ ቤቱ የሚገደደው በተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ እንጂ ባለሙያው ከዚያ በሚያወጣው ሕጋዊ ድምዳሜ እንዳልሆነ ይደነግጋል። ይህ መርሕ በ1949ኙም ሕግ ነበረ። የተጻፈው ለአእምሮ ጉዳይ ቢሆንም መንፈሱ ለሁሉም ይሠራል። ሐኪሙ «አጥንቱ ተሰብሯል» ይበል፤ «ከባድ የአካል ጉዳት ነው» የሚለውን ግን ለዳኛው ይተው።

አሁን ወደ ታሪኬ ፍጻሜ እመለሳለሁ። ፍርዱ ከተሰጠ ከዓመታት በኋላ ያንን ሐኪም በአንድ ሥልጠና ላይ አገኘሁት። ስፔሻሊስት ሆኗል። ጉዳዩን ሳነሣበት አስታወሰው። «ለምን አልመጣህም?» ብለው «ማን ጠራኝ?» አለኝ። እውነቱን ነበር። ስለ ፈቃዱ ስንከራከር መጥሪያ የላከለት አልነበረም። ከዚያም በኪሴ የነበረውን ማስታወሻ አውጥቼ የጻፈውን ቃል አነበብሁለት። በማስረጃው ላይ «ሩል አውት» የሚል ሐረግ ከራስ ቅል ስብራት በፊት ተጽፏል። እኔ ስብራት መኖሩ ተረጋግጧል ብዬ ተርጉሜው ነበር። ሐኪሙ ፊቱ ተለወጠ። «ይህ በእኛ ቋንቋ ስብራት መኖር አለመኖሩ ይጣራ ማለት ነው። ራጅ አዝዤለት ነበር፤ ውጤቱን ግን አላየሁትም» አለኝ።

በማግሥቱ ለበላይ ኃላፊዬ በጽሑፍ አሳወቅሁ። ሰውየው ግን የተፈረደበትን ጨርሶ ወጥቶ ነበር። ጠበቃው ደንበኛውን ሊያድን በተቃወመው ምስክር ደንበኛውን ሊያድን የሚችለውን ሰው አስቀርቷል። እኔም ያልገባኝን ቃል ለማስረዳት የሚችለውን ሰው ፈልጌ ሳላገኝ ወረቀቱን ይዤ ረታሁ። በመካከላችን የክልል ፈቃድ የሚባል ክርክር ተጋርዶ ነበር።

ከዚህ የተማርሁት ሁለት ነገር ነው። ሐኪሞቻችን በእንግሊዝኛ ያስባሉ፣ በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ ፍርድ ቤቶቻችን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎች ይሠራሉ። በመካከላቸው የጻፈው ሰው ራሱ ካልቆመ ወረቀት ሊዋሽ ይችላል፤ ጸሐፊው ሳይዋሽ። ሁለተኛ፣ ሐኪሙን ማግኘት ከፈቃዱ ይልቅ የመጥሪያ፣ የአበልና የመንገድ ጉዳይ ነው። ለዚህም መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ምስክሩ ባለበት አካባቢ ባለ ፍርድ ቤት ቃሉ እንዲሰማ ማድረግ ይቻላል፤ በምስልና በድምፅ መገናኛ ማሰማትም የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሲሠሩበት የቆየ ነገር ነው። ሆስፒታሎችም ሐኪም ሲሸኙ አዲሱን አድራሻውን መዝግበው ቢያስቀሩ ብዙ ቀጠሮ ይድን ነበር።

ከተሳታፊዎች የተነሡ ጥያቄዎች

ከሕግ ተማሪዎች አንዷ፦ በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሐኪምስ? በእኛ አገር ጨርሶ አልተመዘገበም።

መልስ፦ ያነሣሽው ከባዱ ክፍል ነው። ከላይ ያልሁት መርሕ፣ መመስከር ማከም አይደለም የሚለው፣ ለእርሱም ይሠራል፤ የአገራችንን በሽተኛ በአካል ካልነካ በቀር ለመናገር ፈቃድ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ነገር ግን ካነሣኋቸው አራት ጥያቄዎች የመጀመሪያውና የመጨረሻው በእርሱ ላይ ይላላሉ፤ ቢሳሳት የሚጠይቀው የእኛ አካል የለም። ስለዚህ ዳኛው በሚኖርበት አገር ያለውን ምዝገባ ማስረጃ ሊጠይቅ፣ ለቃሉ የሚሰጠውንም ክብደት በጥንቃቄ ሊመዝን ይገባል። በጽሑፍ የላከው አስተያየት ብቻ ግን፣ መስቀለኛ ጥያቄ ሳይቀርብበት፣ ሰው ማሰር የለበትም።

አንድ ሐኪም፦ እኛ ፍርድ ቤት የምንፈራው ፈቃድ ስለሌለን አይደለም። ስንት ሕሙማን ጥለን ሄደን ቀኑን ሙሉ ኮሪደር ላይ እንቆማለን፤ በመጨረሻም ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጣል።

መልስ፦ ዶክተር፣ ቅሬታዎ እውነት ነው፤ እንደ ቀድሞ ዐቃቤ ሕግም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለሐኪም ምስክር የተወሰነ ሰዓት መስጠት ሕግ ማሻሻል አይጠይቅም፤ የችሎት አመራር ይጠይቃል። እናንተም በበኩላችሁ አንድ ነገር ብታደርጉልን፦ ማስረጃ ስትጽፉ ያያችሁትንና የጠረጠራችሁትን በሁለት የተለያዩ መስመሮች ጻፉልን። የሕግ ሰው ምሕፃረ ቃላችሁን አያውቅም፤ አለማወቁንም አያውቅም። እኔ አላወቅሁም ነበር።